የካያዛዋ የእሳት ሰሌዳ

ከረጢቱን የጣለው ነፋሱ ነው። ሱዙኤ በሩን ገርበብ ከማድረጓ የደቡቡ ነፋስ ገፍቶ ገባና ሹንሳኩ መግቢያው ደረጃ ላይ ያስቀመጠውን ከረጢት ገለበጠው። ከውስጡ ጣት የሚያካክሉ የእንጨት ቁራጮች ወለሉ ላይ ተበተኑ። ጎንበስ ብላ አንዱን አነሳች። በብሩሽ «ምሥራቅ፣ ምሰሶ፣ አንድ» ተብሎ ተጽፎበታል። ሌላ አነሳች። «ምሥራቅ፣ ምሰሶ፣ ሁለት።»

ክው አለች።

እነዚህ ቁራጮች ምን እንደሆኑ በካያዛዋ መንደር ሕፃን እንኳ ያውቃል። ከሁለት ዓመት በፊት የላይኛው ጎረቤታቸው ቤት እንዲህ ቁጥር ተለጥፎበት፣ እንጨት በእንጨት ተፈትቶ፣ በመኪና ተጭኖ ከተማ ወዳለው የባህል ሙዚየም ሄዷል። ሱዙኤ አንድ ቀን ልትጎበኘው ሄዳ ነበር። በልጅነቷ ሾርባ የጠጣችበት ምድጃ ዙሪያውን በገመድ ታጥሯል፤ አመዱ ቀዝቅዟል፤ አጠገቡ «አይነካም» የሚል ጽሑፍ ቆሟል። እንደ ድሮዋ ልትቀመጥ ገመዱን ስትሻገር ጠባቂው በትሕትና መለሳት። መንገዱን ሁሉ እያለቀሰች ነበር የተመለሰችው።

አሁን ደግሞ ተራው የእሷ ቤት ሆነ። ያውም በሹንሳኩ እጅ።

ሹንሳኩን ያወቀችው ባለፈው ዓመት፣ ቅጠል በሚረግፍበት ወራት ነው። እሷና አባቷ ጌንፔይ ቤታቸውን ለጎብኚ ከፍተው፣ የሐር ትል ይረባበት የነበረውን ቆጥና የአያቶቻቸውን ዕቃ እያሳዩ ይኖራሉ። ጎብኚው ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ነው። «በረዶ ሲወርድ አይበርዳችሁም?» ይላል፣ ፎቶ ያነሳል፣ ይሄዳል። ሹንሳኩ ግን ዝናብ አብስብሶት ገባ፤ ጫማውን አወለቀ፤ ቀና ብሎ ጥቀርሻ የጠጣውን፣ በገመድ የታሰረውን ወጋግራ ረጅም ጊዜ አየና፣

«ያንን ገመድ ያሰሩት ሰው ግራኝ ነበሩ አይደል?» አላት።

ግራኝ የነበረው አያቷ ነው። ከቤተሰቡ በቀር ይህን የሚያውቅ አልነበረም። የዚያን ቀን ሻይ ቀዳችለት። ከዚያ ወዲያ በየሁለት ሳምንቱ መንደሪን ይዞ መጣ። አምስተኛው ላይ አንተ አለችው። ሰባተኛው ላይ አውቶቡሱ ጥሎት እስኪሄድ ድረስ ምድጃው ዳር ተቀመጡ። ትወደው ነበር። የሚገርመው ነገር፣ ይህን ለራሷ ያመነችው ገና ዛሬ ጠዋት ነው።

ሹንሳኩ በሁለት ባልዲ ውሃ ሞልቶ ከምንጩ ተመለሰ። የደቡብ ነፋስ ቀን ስለሆነ ለእሳት አደጋ ደጅ ላይ ውሃ ተሞልቶ መቀመጥ አለበት። እጇ ላይ ያለውን ሲያይ ባልዲዎቹን ቀስ ብሎ መሬት አስነካ።

«እነዚህ ምንድን ናቸው?» አለችው።

ባልዲዎቹን ወደ ግድግዳው አስጠጋቸው።

«እየጠየቅኩህ ነው።»

«የቤቱ ናቸው።»

«የየትኛው ቤት?»

ዓይኑን ከዓይኗ አሸሸ። ነፋሱ ከጣራው ሰንበሌጥ እየነጨ መሃላቸው ይጥላል።

«አናጺ ነኝ ብለኸኝ አልነበር?»

«አናጺ ነኝ። የሙዚየሙ አናጺ ነኝ።»

«እሺ፣ ስምንት ጊዜ የተመላለስከው ለእኔ ነው ወይስ ለምሰሶው?»

«መጀመሪያ የመጣሁት ለምሰሶው ነው» አለ። መዋሸት የማይሆንለት ሰው ነው። «የቀሩት ሰባቱ ግን... ሱዙኤ፣ ቃል ገብቼ ባይሆን ኖሮ...»

«ለማን?»

ሆድ ይፍጀው ብሎ አፉን ዘጋ። ከሁሉም በላይ ያቃጠላት ይኸው ዝምታው ነው።

«ይውጡልኝ» አለችው። አንተ ስትለው የከረመችውን ሰው አንቱ አለችው። «እባክዎ ከቤታችን ይውጡልኝ።»

ሹንሳኩ እጅ ነሥቶ ወጣ። በሩ ላይ የተንጠለጠለውን የእሳት ሰሌዳ አንዴ አየውና ነፋሱ ውስጥ ገባ።

ሰሌዳው የመንደሩ የአሥራ ዘጠኙም ቤት የጋራ ነው። ካያዛዋ ጣራው ሁሉ ሳር ስለሆነ አንድ ቤት ከተያያዘ ሁሉም አለቀ ማለት ነው። ስለዚህ ሰሌዳው ከቤት ቤት ይዞራል። ተራ የደረሰው ቤተሰብ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎት፣ ሁለት እንጨት እያጋጨ «እሳት ተጠንቀቁ» እያለ መንደሩን ያካልላል። በየበሩ «ጠፍቷል» የሚል መልስ ይሰማል። የደቡብ ነፋስ ሲነሣ ምድጃ ሁሉ ይዳፈናል፤ ዙሩም ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ይሆናል። ሰሌዳውን ከባለተራው ቤተሰብ ሌላ ሰው አይነካውም፤ እንግዳማ ጭራሽ። የዛሬው ተራ የእነሱዙኤ ነው። የጠዋቱን ዞራለች፤ ቀትር እየተቃረበ ነው።

ጌንፔይ ከጓዳ እግሩን እየጎተተ ወጣ።

«ልጁን አትቆጪው» አለ። «ለሙዚየሙ የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ሱዙኤ የሰማችውን አላመነችም። «አባባ፣ ቤታችንን?»

«የሰሜኑን ጣራ አይተሽው የለም እንዴ? ከእንግዲህ ሁለት በረዶ አይችልም።»

«ጣራውን እንዲያለብሱልን መንደሩን እንጠራለን። አንተ የማን ጣራ ላይ ነው ያልወጣኸው?»

«ወጥቻለሁ። አሁንስ ማን ይውጣ? በዚህ ጉልበቴ እኔ?» ምድጃው ዳር ተቀመጠ። «በሌላው ጣራ ላይ የሚወጣ ሰው የሌለው ቤት ሌላውን ለሥራ አይጠራም። ሕጉን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም።»

«እኔ እወጣለሁ።»

«ሂኮዛ የመንደሩ ሊቀመንበር ሆኖ ሴት ጣራ ላይ ሊያስወጣ? መሰላሉን ነው የሚያነሣብሽ።» ሊስቅ ሞከረና ተወው። «ሁለት ሰው ለትዳር ጠይቆሽ ሁለቱንም ለዚህ ቤት ብለሽ መለስሽ። ሳር ስትጠብቂ ልታረጂ ነው? ቤቱ ሙዚየም ይግባ፣ ልጄ ትኑር ብዬ ነው። እሱ ልንገራት እያለ ሦስት ጊዜ ለምኖኛል። እስኪወሰን ድረስ አፍህን ዝጋ ብዬ ቃል ያስገባሁት እኔ ነኝ።»

ሱዙኤ ፊቷን አዞረችበት። መሰላሉን ይዛ ቆጡ ላይ ወጣች፤ በልጅነቷ ስትቆጣ የምትደበቅበት ጥግ ገብታ ፊቷን በጉልበቷ ላይ ደፋች። በአባቷ ተናደደች። በሹንሳኩ ተናደደች። ከሁሉ የባሰው ግን ሰውዬው ያላጠፋውን ጥፋት ተሸክሞ ቃሉን ጠብቆ መውጣቱ ነበር። ምን ያህል እንደተቀመጠች አላወቀችም።

ቋ... ቋ...

የእንጨት ድምፅ ነው። «እሳት ተጠንቀቁ።»

ብድግ አለች። ቀትር! የቀትሩን ዙር ረስታዋለች። ታዲያ ማን ነው የሚዞረው? ድምፁ የካያዛዋ ድምፅ አይደለም።

በቆጡ መስኮት ስታይ ሹንሳኩ ነው። የቤታቸው ሰሌዳ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል፤ በነፋሱ ውስጥ አጎንብሶ ይሄዳል። ሰው በየበሩ ወጥቶ ያየዋል፤ «ጠፍቷል» የሚል ግን የለም። መልስ ሲያጣ እየሰገደ በየበሩ አንገቱን አስገብቶ ምድጃውን ራሱ ያያል፤ ከዚያ ያልፋል። አንዱ ጎረምሳ ከኋላው አጨበጨበበት። ሹንሳኩ አልዞረም።

የመንደሩ መግቢያ ድልድይ አጠገብ ካለው ከመጨረሻው ቤት፣ ከእማማ ሃትሱኖ ደጅ ሲደርስ ድንገት እንጨቶቹን ወርውሮ ወደ ጓሮ ሮጠ።

ሱዙኤ ከቆጥ እንዴት እንደወረደች አታስታውስም። ሁለቱን ባልዲ አንጠልጥላ ቁልቁል ሮጠች። ስትደርስ የሃትሱኖ የአመድ ቆርቆሮ በነፋሱ ተገልብጧል፤ ከአመዱ የወጣ ፍም ጓሮ ያለው የሰንበሌጥ ክምር ሥር ገብቶ ጫፉን ቀይ እያደረገ ይሳባል። ሹንሳኩ ተንበርክኮ በእጁ ያፍነዋል። አንዱን ባልዲ ደፋችበት። ሁለተኛውን ደፋች። ነጭ ጭስ ተነሣና ነፋሱ ወሰደው። ሁለቱም እያለከለኩ ተያዩ። መዳፉ ተልጦ ነበር።

መንደሩ ተሰበሰበ። ሂኮዛ ሰው እየገፋ መጣ፤ ክምሩን አላየም፤ ያየው የሹንሳኩን አንገት ነው።

«ሰሌዳውን ማን ሰጠህ?»

«ማንም አልሰጠኝም» አለ ሹንሳኩ። «ቤተሰቡ ሊወጡ ሲሉ ሳልጠየቅ ቀድሜ ወሰድኩት። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

መዋሸት የማይሆንለት ሰው ዋሸ። ሱዙኤ ሁሉም ነገር ባንዴ ገባት። ዝም ካለች ቤታቸው ንጹሕ ነው፤ እሱ ግን ዳግመኛ ያንን ድልድይ አይሻገርም። ከተናገረች በነፋስ ቀን ሰሌዳ የረሳ ቤት ይባላሉ፤ የእንዲህ ያለ ቤት ጣራ ላይ የሚወጣ አይገኝም። አባቷን በሰዎቹ መሃል አየችው፤ በዱላው ተደግፎ ወደ እሷ ያያል።

«ውሸቱን ነው ጋሽ ሂኮዛ» አለች። «ተራው የእኔ ነበር። ረሳሁት።»

«በደቡብ ነፋስ ቀን?»

«አዎ።»

ሂኮዛ ጥርሱን ነከሰ። «ቅጣቱን ታውቂዋለሽ። ሰሌዳው ሠላሳ ቀን ከቤታችሁ አይወጣም። ነፋስ ኖረም አልኖረም፣ በቀን ሦስት ጊዜ ትዞሪያለሽ። የሰሜኑን ጣራ ነገር ደግሞ ማንም እንዳያነሣብኝ።»

«አመዱ የእኔ ነው» የሚል ቀጭን ድምፅ መጣ። እማማ ሃትሱኖ ናቸው፤ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፤ የሚሰሙት የፈለጉትን ብቻ ነው። «እኔንስ ምን ልታደርጉኝ ነው? ልጁን ቅባት ቀቡት እንጂ። ሳይቃጠል በቅጠል አለ ያገሬ ሰው፤ እሱ በእጁ አደረገው።»

ማንም አልሳቀም።

ሹንሳኩ በመጨረሻው አውቶቡስ ሄደ፤ ሂኮዛ መኪናው እስኪነሣ ቆሞ ጠበቀ። ሱዙኤ ቤት ገብታ የተበተኑትን ቁራጮች ነፋሱ ሲቆም ልታነድዳቸው ለቀመች። አርባ ናቸው። አንዱን ገልበጥ አደረገችው፤ ባዶ ነው። ቀጣዩም ባዶ። ሁሉንም ምንጣፉ ላይ ደረደረቻቸው። ከሁለቱ በቀር አንድም የተጻፈበት የለም።

በአራተኛው ቀን ሹንሳኩ የአናጺ ሣጥኑን ተሸክሞ፣ እጁ በጨርቅ ተጠቅልሎ ተመለሰ። የሙዚየሙን ሥራ ለቋል። እማማ ሃትሱኖ «ቤቴን ያተረፈ ቤት አያጣም» ብለው ጎተራቸውን ከፈቱለት። ሱዙኤ ሰሌዳውን አንጠልጥላ ስትዞር እሱ አሥር እርምጃ ከኋላዋ ይከተላል። ሰሌዳውን አይነካም፤ እንጨቱንም አይነካም። «ጅራት አበቀልሽ እንዴ?» ይሏታል በየበሩ።

«ሥራህን ለምን ተውክ?» አለችው አንድ ጠዋት፣ ወደ ኋላ ሳትዞር።

«በዚህ እጄ ቁጥር መጻፍ አልችልም።»

«ሲድንስ?»

«ሲድን ሰንበሌጥ ማሰር እማራለሁ።»

ጥቂት ሄደች። «ለምንድነው ሁለት ብቻ የጻፍከው?»

እርምጃው ቆመ። «የመጀመሪያ ቀን ሁለቱን ጽፌ ቀና ስል አንቺ ሻይ ይዘሽ ቆመሻል። ከዚያ በኋላ ሦስት ብዬ መጻፍ አቃተኝ። በየጊዜው ይዣቸው እመጣለሁ፤ በየጊዜው ባዷቸውን ይዣቸው እመለሳለሁ።»

ሱዙኤ እንባዋን እንዳያይባት እንጨቱን ጠንከር አድርጋ አጋጨችው።

ሠላሳው ቀን አለቀ። ሰሌዳው ወደ ታችኛው ጎረቤት ተሻገረ፤ ከቤት ቤት አሥራ ስምንቱን አዳርሶ፣ ከመጨረሻዋ ባለተራ ከእማማ ሃትሱኖ ወደ እነሱዙኤ የሚመለስበት ቀን ደረሰ። የዚያን ጠዋትም የደቡብ ነፋስ ተነሥቷል። አሮጊቷ ዳገቱን እየተነፈሱ ወጡ። ጌንፔይ በሩ ላይ ቆሞ እንደ ደንቡ ሁለት እጁን ዘረጋ።

ሃትሱኖ የተዘረጋውን እጅ አልፈውት ሄዱና ደጅ የተሰበረ መሰላል ይጠግን የነበረው ሹንሳኩ አንገት ላይ ሰሌዳውን አጠለቁት።

«እማማ፣ እንግዳ አይነካውም» አለ ሹንሳኩ ወደ ኋላ እያፈገፈገ።

«የምን እንግዳ?» አሉ። «የዚህን ቤት ሰው መሰለኝ እኮ የማየው። አይደለም እንዴ፣ አንቺ?»

ሱዙኤ አባቷን አየች። ጌንፔይ የተዘረጉትን እጆቹን ቀስ ብሎ ሰበሰበ።

«ነው» አለች። ሁለቱን እንጨቶች አንሥታ ለሹንሳኩ ሰጠችው። ጠባሳው ያለበት መዳፉ ጣቶቿን ከነእንጨቱ ጨበጠና ለቀቃት።

ቋ... ቋ... «እሳት ተጠንቀቁ።»

ሱዙኤ የመጀመሪያዋ መላሽ ሆነች። «ጠፍቷል።» ከታችኛው ቤት ምንም አልተሰማም። ከዚያ አንዲት ሴት፣ ፈራ ተባ እያለች፣ «ጠፍቷል» አለች። ሦስተኛው ቤት መለሰ። አራተኛው መለሰ። ሱዙኤ በሩን ይዛ ትቆጥራለች። ዘጠነኛው መለሰ። አሥረኛው የሂኮዛ ቤት ነው።

የእንጨቱ ድምፅ እዚያ ሲደርስ ቆመ። ሹንሳኩ አንገቱን ወደ ቤቱ አላስገባም፤ አላለፈምም። መንገዱ መሃል ቆሞ ጠበቀ። ነፋሱ ሰሌዳውን ደረቱ ላይ ያወዛውዛል። የሂኮዛ በር ተዘግቷል።

«አንድ ጊዜ ድገመው» አለ ከውስጥ ወፍራም ድምፅ። «አልሰማሁም።»

ቋ... ቋ... «እሳት ተጠንቀቁ።»

በሩ ተከፈተ። ሂኮዛ ደፉ ላይ ቆሞ ሹንሳኩን ከራሱ እስከ እግሩ አየው፤ ቀና ብሎም ዳገቱ ላይ ያለውን የነጌንፔይን የሰሜን ጣራ አየ።

«ጠፍቷል» አለ፤ በሩንም ዘጋው።

የእንጨቱ ድምፅ ወደ ድልድዩ ወረደ። ሱዙኤ ደረጃው ላይ ተቀመጠች፤ አለቀሰች፤ ሳቀችም። ጌንፔይ አጠገቧ እያቃሰተ ቁጭ አለ።

«የጣራው ሰንበሌጥ በኅዳር ነው የሚታጨደው» አለ። «ለልጁ ማጭድ ይፈለግለት።»