ያልሰካሁት ድራይቭ

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲወራ ከሚስቁት ወገን ነኝ፣ የሸዋ ሮቢት ሰው የቀትር ጋኔን አየሁ ሲለኝ እንኳ «ሙቀቱ ነው አናትህን ያዞረው» እል ነበር፣ ይህንንም የምነግራችሁ እንድታምኑኝ ብዬ ሳይሆን ብቻዬን መያዝ ስላቃተኝ ነው።

ፎቶ ቤት አለኝ። አንድ ቀን፣ ባጃጆቹ ሁሉ ጥላ ፍለጋ በተበተኑበት ቀትር ላይ፣ እትዬ ዘይነባ የሚባሉ እናት ከአጣዬ መጡ። ልጃቸው ሰዒድ በዚያ በክፉው ጊዜ ሞቶ፣ ቤታቸውም ፎቶውም አብሮ ነዶባቸዋል። «አንድ ጊዜ አንተ ዘንድ ተነስቶ ነበር ልጄ፣ መልኩ እየጠፋብኝ ነው» አሉኝ። እመኑኝ፣ ይህን ሰምቶ እምቢ የሚል አንጀት የለም።

የድሮ ፎቶዎቼ በአራት ሃርድ ዲስክ ላይ ተበትነዋል፣ አንድ በአንድ መክፈት የማይዘለቅ ስለሆነ ጥቂት መስመር ትእዛዝ ጻፍኩ፣ በየድራይቩ እየገባ «ሰዒድ» የሚል ስም ያለውን ፋይል ሁሉ ፈልጎ በላፕቶፔ ጥቁር የትእዛዝ መስኮት ላይ እንዲደረድርልኝ። አስጀመርኩት። የመጀመሪያው ምንም፣ ሁለተኛውም ምንም። ሦስተኛው ላይ እያለ መብራት ጠፋ፣ ቬንትሌተሩ እየተንቀራፈፈ ቆመ፣ ከሶኬት ኃይል የሚወስዱት ዲስኮች ጸጥ አሉ፣ ላፕቶፑ ብቻ በባትሪው ቀረ። ፍለጋው እዚያ ላይ ማብቃት ነበረበት፣ አይደል?

አላበቃም። ከሞቱት ዲስኮች መሃል ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ መጣ፣ ሰው በጥፍሩ ጠረጴዛ የሚነካካ ይመስል፣ ጆሮዬን ወደ አንዱ ሳስጠጋ ከሌላው ይሆናል። ከዚያ አንድ መስመር ብቅ አለ። «ሰዒድ» ይላል፣ አጠገቡ ያለው የድራይቭ መለያ ፊደል ግን እኔ ያልሰካሁት ድራይቭ ነው፣ በትእዛዙም ውስጥ አልጻፍኩትም። ከፈትኩት።

አንድ ወጣት እዚያው ፎቶ ቤቴ ውስጥ በርጩማዬ ላይ ተቀምጧል። ከኋላው ያለው ሰማያዊ መጋረጃ ዘንድሮ የገዛሁት ነው።

«እሱ ነው» አሉ እትዬ ዘይነባ፣ እንባም የላቸው። ግንባሩ ላይ የታሰረችውን አበባማ ጨርቅ ስክሪኑ ላይ በጣታቸው ነኳት። «ይቺን ከሻሼ ቀድጄ ያሰርኩለት እኔ ነኝ፣ ያን ቀን ሲቆስል። ከዚያ ወዲያ ከቤት የወጣው በቃሬዛ ነው።»

ማተቤን ጨብጬ ዞር ስል በርጩማው ባዶ ነው፣ ግን ዓይኔን ከእሱ መንቀል አልቻልኩም። መብራት መጣ፣ ዲስኮቹ መሽከርከር ጀመሩ፣ ፎቶው ዓይናችን እያየ ጠፋ። ደጋግሜ ፈለግኩ፣ በአራቱም ላይ ሰዒድ የሚባል የለም።

አሁን እትዬ ዘይነባ በየገበያው ቀን ይመጣሉ። መብራት ካለ ሰላም ብለውኝ ያልፋሉ፣ ከጠፋ ግን ገብተው ይቀመጡና «በል ጀምርልኝ» ይላሉ። ባለፈው ጊዜ ጨከንኩና «እትዬ፣ ይህ ነገር ይቅርብን፣ እኔ ፈርቻለሁ» አልኳቸው።

«ብትፈራ አይፈረድብህም» አሉኝ ቀስ ብለው፣ «ለእኔ ግን ልጄ ነው።» ይህን ብለው ባዶውን በርጩማ ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉት።

እኔ ትቻቸው ወጣሁ፣ በዚያ ሐሩር ደጅ ፀሐይ ላይ ቆሜ መብራት እስኪመጣ ጠበቅኩ።