ውሃው ይጠራል

ማመን የእናንተ ፈንታ ነው። እኔ ግን በገዛ እጄ ይዤው ያየሁትን ነው የምነግራችሁ...

ሐምሌ፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል። ፍኖተ ሰላም፣ ውሃ የምመረምርበት ክፍል።

ጋሼ መልካሙ ከማንኩሳ ማዶ የምንጫቸውን ውሃ በላስቲክ ጠርሙስ ይዘው መጡ። የልጅ ልጃቸው ሜላት ሆዷን አሟታል።

«እንድሪያስ ልጀ፣ እንጠጣው ወይስ እንተወው?»

ድፍርስነት የሚለካው በትንሽ የመስታወት ብልቃጥ ነው። በክዳኗ ብቻ ትያዛለች። አሻራ ካረፈባት ቁጥሩ ይዋሻል። ትጠርጋታለህ፣ ዘይት ታስነካታለህ፣ ውሃውን ገልበጥ ገልበጥ አድርገህ መለኪያው ውስጥ ትከታታለህ፣ ወዲያው ታነባለህ።

ሰማንያ ስድስት።

ከአምስት ማለፍ አልነበረበትም። ምንጩ ሊዘጋ፣ እኔም ለድጋሚ ናሙና መንደር ልወርድ ነው። ቡሬ ደግሞ የጓደኛዬ ምርቃት አለብኝ...

ብልቃጧን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ጠበቅኩ። ጭቃው ዘቀጠ። ሳልገለብጥ መልሼ መለኪያው ውስጥ ከተትኳት።

አራት።

«ይጠራል ወይ?» አሉ ጋሼ መልካሙ።

«ይጠራል ጋሼ። ጠጡት።»

መረቁኝ።

ሜላት በአሥራ አንደኛው ቀን ሞተች። ስድስት ዓመቷ ነበር።

ለቅሶ አልሄድኩም። በምን ዓይኔ ላያቸው?

ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ብልቃጧን ከሳጥኗ አወጣሁ። አሻራ አለባት።

ትንሽ... የልጅ ጣት።

በጨርቅ ጠረግኩት። በአልኮል አሸሁት። አልለቅ አለ።

ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳኋት...

አሻራው በውስጥ በኩል ነው።

የተጣራ ውሃ ሞላሁባት። ከድኜ ለካሁ።

ሰማንያ ስድስት።

ከመለኪያው ሳወጣት ስልኬ ጮኸ። ጋሼ መልካሙ ናቸው። ያንሾካሹካሉ።

«ልጀ... ይጠራል ብለኸኝ አልነበር?»

«ጋሼ... ይቅር ይበሉኝ። ዋሽቼዎት ነው።»

«ኧረ አልዋሸህም። ምንጩ ዳር ቁጭ ብያለሁ... ይጠራል።»

«ምን?»

«ስምህን ነዋ። በሷ ድምፅ።»

ስልኩ ተቋረጠ።

ብልቃጧን አየሁ። አሻራው አንድ ነበር... አምስት ሆኗል።

እንደ ሕጉ በክዳኗ ነበር የያዝኳት።

ክዳኗ በጣቶቼ መሃል ቀስ ብላ መዞር ጀመረች...