የተነሣችው እጅ

የኤልምራ ዶሮዎች በቀትር ፀሐይ ቆጥ ላይ ወጡ። ውሾች አልጮኹም። ከሰሜን ተራሮች የወረደ ጉም በሸንጎው በር ገባ፤ ሲወጣም ሦስት መቶ ዓመት ከስፍራው ተነሥቶ የማያውቀው የመሐላ ድንጋይ፣ እሳተ ሐቅ፣ በመቀመጫው ላይ አልነበረም።

የዚያ አገር ሰው በሁለት ይከፈላል። የቃል ወገን መሬት አለው፤ ሸንጎ ይቀመጣል፣ ይሟገታል፣ ይምላል። የእጅ ወገን ያርሳል፣ ይሸከማል፣ ሸክላ ይሠራል። ሸንጎ የሚገባው ለአንድ ተግባር ብቻ ነው፤ ጌታው ሲምል በጌታው ፈንታ መዳፉን በድንጋዩ ላይ ለማሳረፍ። እሳተ ሐቅ ለእውነት ለብ ይላል፤ ለውሸት ይፋጃል። ቃሉ ተነግሮ እስኪያልቅ እጅ ካልተነሣ መሐላው ይጸናል። ከተነሣ ግን «እጁ ደካማ ነው» ይባልና ባለ እጁ ተገርፎ ሌላ ይተካል። ስለዚህ የእጅ ወገን ልጆች ከሰባት ዓመታቸው ጀምሮ የጋለ ገል መጨበጥ ይለማመዳሉ።

እሙናት የሃያ ዓመት ሸክላ ሠሪና የባላባቱ የወሰንገዝ ቤት እጅ ነበረች። ከእርሷ በፊት እጅ የነበረችው እናቷ ናት። እሙናት የእናቷን ጠባሳዎች አንድ በአንድ ታውቃቸዋለች፦ ይህ የወንዝ ዳሩ ክርክር፣ ይህ የሁለቱ ወንድማማቾች ርስት፣ ይህ የሟች ኑዛዜ። እያንዳንዱ የሌላ ሰው ውሸት ነው። እናቷ ይህን ስትናገር ድምፅዋ ከፍም ዝቅም አይልም፤ እሙናትም እንደዚያው መናገርን ተማረች።

ጉሙ በገባበት ቀን ወሰንገዝ ገል ሜዳ የአያቶቹ ርስት እንደሆነ ሊምል ቆሞ ነበር። ገል ሜዳ የእጅ ወገን ሁሉ ጭቃውን የሚቆፍርበት ሸለቆ ነው፤ የሰባት መቶ ቤት ጭስ ይጨስበታል። እሙናት መዳፏን ዘርግታ በመንደሯ ላይ የሚፈጸመውን መሐላ ስትጠብቅ ድንጋዩ ከፊቷ ጠፋ።

ንጉሡ ነጋሪት አስጎሰመ። «እሳተ ሐቅን በእጁ ይዞ ለሚመልስልኝ፣ በሸንጎዬ ፊት አንድ ቃል ይናገር ዘንድ ሰጥቼዋለሁ። ያም ቃል ለኤልምራ ሕግ ይሁን። ማንም ይሁን ማን!» ማንም ሲል የቃል ወገንን ማለቱ እንደሆነ ሁሉም ስለሚያውቅ፣ የደነገጠ አልነበረም።

ወሰንገዝ ልጁን አዝማቱን ላከ። አዝማቱ እጁን፣ ማለትም እሙናትን፣ አስከተለ። በቅሎዎቹን የሚነዳው አያ ጉልማ የተባለ፣ ከእጅ ወገን የሆነ ሽማግሌ ነበር።

አሥራ አንድ ቀን ሽቅብ ተጓዙ። ነጭ ጥንብ አንሣዎች የሰው ስም እየጠሩ የሚያንዣብቡበትን ገደል አለፉ። ጥላ በማይጥሉት ዛፎች ሥር አደሩ። በዘጠነኛው ቀን የአዝማቱ በቅሎ ገደል ገባች፤ እርሱም ለመጀመሪያ ጊዜ በእግሩ ሄደ።

«ጉልማ፣ ይህ ዳገት አያልቅም እንዴ?»

«ከበቅሎ ላይ ሲያዩት አጭር ነበር፣ ጌታዬ።»

እሙናት አልሳቀችም። አዝማቱ ግን ሳቀ፤ ክፉ ሰው አልነበረም። ውኃ ሲያጥራቸው ከኮዳው አካፍሏታል፤ ቀድሞ ከጠጣ በኋላ።

በጉም ተመስሎ ድንጋዩን የወሰደው፣ ጉማን የተባለ አውሬ፣ በተራራው ራስ ላይ ባለ ዋሻ ተኝቶ ነበር። ቅርጹ አይያዝም፤ አንዴ በሬ፣ አንዴ የፈረሰ ግንብ ይመስላል። ድንጋዩ በደረቱ ውስጥ ይፍማል። አዝማቱ «በአባቶቼ አጥንት!» ብሎ ሰይፉን መዝዞ ገባበት። ሰይፉ ጉሙን ሰንጥቆ አለፈ። ከዚያም ሰይፉ በጉሙ ከደነዘዙት ጣቶች ወደቀ፤ አዝማቱ ግን መውደቁን አላወቀም፤ ባዶ እጁን እያወዛወዘ ይዋጋ ነበር።

«ሰይፍዎ መሬት ላይ ነው፣ ጌታዬ» አለች እሙናት።

አውሬው ተናገረ። «ሌባ አትበሉኝ። እኔ ከዚህ ድንጋይ ላይ የተነሣ ጭስ ነኝ፤ ሦስት መቶ ዓመት የተቃጠለ ሥጋ ጭስ። የወለደችኝን ድንጋይ፣ እናቴን፣ ልወስድ መጣሁ። ከደረቴ የሚያወጣት፣ የእጆቹን የመዳሰስ ስሜት ለዘለዓለም ይተውልኝ።»

አዝማቱ ጣቶቹን አሸ፤ ስሜታቸው እየተመለሰ ነበር። ወደ እሙናት ዞረ። «አንቺ እጄ አይደለሽም?»

«ነኝ።»

«አባቴ ይሙት፣ ያመጣችው እርሷ ናት ብዬ ለንጉሡ እመሰክራለሁ። ሽልማቱ ያንቺ ነው።»

«ድንጋዩ በሌለበት አባት አይሞትም፣ ጌታዬ» አለ ጉልማ። ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ልጄ፣ ሸክላ ሠሪ እኮ ነሽ። በምን ልትኖሪ ነው?» አላት።

እሙናት እጆቿን ተመለከተች። ጭቃው መቼ እንደጠገበ፣ የጋኑ ከንፈር መቼ እንደሳሳ የሚነግሯት እነርሱ ናቸው። ገል ሜዳ ከተወሰደ ግን የምትዳስሰው ጭቃ የለም። ይህን እንደ ሌላ ሰው ጉዳይ አሰላሰለችው። ከዚያም ሁለት እጆቿን በአውሬው ደረት ውስጥ ከተተች። ቅዝቃዜ ተሰማት፤ ቀጥሎ ምንም። ጉሙ ተበተነ። ድንጋዩ በመዳፎቿ ላይ ነበር፤ ይህንንም ያወቀችው በዓይኗ አይታ ነው።

በመልሱ ጉዞ እንዳይወድቅባት ዓይኗን ሳትነቅል ተሸከመችው። የከተማው በር ላይ ሲደርሱ አዝማቱ «የቃል ወገን ቀድሞ ይገባል፤ ደንብ ነው» ብሎ ድንጋዩን ከእጇ ላይ አነሣ። ደንብ ስለሆነ ማንም አልተከራከረም።

ወሰንገዝ የሆነውን በሰማ ጊዜ ሐኪም አስጠራ። ሐኪሙ በሸንጎው መካከል፣ ንጉሡ እያየ፣ የእሙናትን መዳፍ በመርፌ ወጋው። ደም ወጣ፤ እርሷ መስኮቱን ትመለከት ነበር።

«ጃንሆይ፣» አለ ወሰንገዝ ፊቱ እያበራ፣ «ከእንግዲህ በቤቴ ደካማ እጅ የለም። ይህች እጅ ከሕመም የተነሣ ከቶ አትነሣም።» መኳንንቱ በቅናት አጉረመረሙ።

ንጉሡም «መልካም። አስቀድሞ ድንጋዩን ያመጣው ማን እንደሆነ ይማልልኝ። ቀጥሎ የገል ሜዳን ነገር እንሰማለን» አለ።

አዝማቱ ወደ ፊት ራመድ አለ። አባቱን አየ፤ እሙናትን አላየም። እርሷ መዳፏን በእሳተ ሐቅ ላይ አሳረፈች።

«እኔ አዝማቱ ወልደ ወሰንገዝ፣ ይህን ድንጋይ ከአውሬው ደረት አውጥቼ፣ በገዛ እጄ...»

ጭስ ተነሣ። የተቃጠለ ቆዳ ሽታ ሸንጎውን ሞላው። እሙናት ጭሱን እንደ ሩቅ መንደር ጭስ አየችው። እስከ መጨረሻው ልትቆይ ትችል ነበር። ዕድሜ ልኳን ልትቆይ ትችል ነበር።

እጇን አነሣች።

«ምነው?» አለ ወሰንገዝ ከወንበሩ ብድግ ብሎ። «አመመሽ እንዴ?»

«አላመመኝም፣ ጌታዬ። ውሸት ስለሆነ ነው።»

እጁ ደካማ ነው የሚል አልተገኘም፤ መርፌው ገና በሐኪሙ እጅ ነበር። በሦስት መቶ ዓመት ውስጥ ከሕመም ሳይሆን ከፈቃድ የተነሣች የመጀመሪያዋ እጅ እርሷ ናት። እሙናት የተቃጠለ መዳፏን መልሳ አሳረፈችና «ድንጋዩን ከአውሬው ደረት ያወጣሁት እኔ ነኝ» አለች። ጭስ አልወጣም።

«ማንም ይሁን ማን ብያለሁ» አለ ንጉሡ፣ ራሱን እንደሚወቅስ ሰው። «አንዱን ቃል ተናገሪ።»

ጉልማ ከደጅ ሆኖ «ገል ሜዳን! ገል ሜዳን በይ!» ብሎ ጮኸ።

እሙናት የእናቷን መዳፍ አሰበች። «ቃል ያለው ሁሉ በገዛ እጁ ይማል።»

ጸሐፊው ጻፈ። ከዚያም በደንቡ መሠረት የሚቀጥለውን ባለጉዳይ ጠራ፦ «ወሰንገዝ፣ ስለ ገል ሜዳ!»

ወሰንገዝ ወደ ድንጋዩ ሦስት እርምጃ ሄደ። አራተኛውን አልሄደም። እጆቹን በካባው ውስጥ ሸሸገና ተመልሶ ተቀመጠ። በዚያ ቀን ከሃያ ዘጠኝ ባለጉዳዮች መሐላ የፈጸሙት ሁለት ብቻ ነበሩ።

በገል ሜዳ ሦስት ቀን ተጨፈረ። በአራተኛው ቀን እሙናት እንደ ወትሮዋ በጭቃው ፊት ተቀመጠች። አቦካችው፤ ይቡካ አይቡካ ግን አላወቀችም። እናቷ መጥታ ከጎኗ ተቀመጠችና እጇን በጭቃው ላይ አደረገች። በጠባሳዎቹ መካከል በቀረው ጥቂት ቆዳ ቀስ ብላ ዳሰሰችው።

«ገና ነው» አለች እናቷ።

እሙናት ውኃ ጨመረች።