ውሃ የማያነሳ ምክንያት

የስፖርት መምህሩ የተሰላፊዎቹን ስም ጠርተው ሲጨርሱ በረኛዋ ድመት ጆሮዋን አላመነችም። በረኛ ብለው የጠሩት ሌላ ልጅ ነው። ያውም ማንን? ኳስ ስትመጣባት ዓይኗን የምትጨፍነውን ረጅሟን ልጅ! ረጅሟ ራሷ ደንግጣ «እኔ?» ብላ ደረቷን ነካች።

«ቲቸር፣ እኔን ረሱኝ» አለች ድመት፣ ጓንቷን እንዳጠለቀች።

«አልረሳሁሽም፣ ልጄ።» መምህሩ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ሜዳ ላይ እንዲህ ለስለስ ብለው ሲያወሩ ሰምታቸው አታውቅም። «በልብ አይቀለድም። ነገሩን ገና ዛሬ ነው የሰማሁት። ቀደም ብዬ ባውቅማ ያን ሁሉ ጊዜ መሬት ለመሬት አላንከባልልሽም ነበር። ቅዳሜ ከጎኔ ቁጭ ብለሽ ታበረታቻቸዋለሽ።»

ድመት ክው አለች። ዞር ብላ የልብ ጓደኛዋን ጠበቃን በዓይኗ ፈለገቻት። ጠበቃ ጎንበስ ብላ ያልተፈታ የጫማ ማሰሪያዋን ታስራለች።

ጠበቃ የተባለችው ማንም ሳያቆማት ለሁሉም ስለምትከራከር ነው። አርፍዶ ለመጣ፣ የቤት ሥራ ላልሠራ፣ በፈተና ሰዓት አንገቱ ለረዘመበት፣ ለሁሉም የሚሆን ምክንያት አታጣም። ድመት ደግሞ ድመት የተባለችው ለምን እንደሆነ ጎል ላይ ቆማ ስትወረወር ያየ አይጠይቅም። ሁለተኛም ምክንያት አለ፤ እሱን ግን ከእናቷ፣ ከሐኪሟና ከጠበቃ በቀር የሚያውቅ የለም። ድመት፣ እንደ እውነተኛዋ ድመት፣ ከውሃ ጋር አትስማማም።

የጀመራት አምና ነው። ገላዋን ታጥባ በወጣች ትንሽ ቆይቶ አንገቷና ክንዷ ላይ ትንንሽ ቀያይ ነጠብጣብ ወጣባት፤ ሳማ የነካት ያህል ለበለባት። ከዚያ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ጥፍት! እናቷ ሳሙና ቀየረች፣ ፎጣ ቀየረች፣ አንሶላ ሳይቀር ቀየረች፤ ወይ ፍንክች። ሐኪም ቤት በሄዱ ቁጥር ደግሞ ነጠብጣቡ መንገድ ላይ ጠፍቶ ሰው ፊት ያሳፍራቸዋል። በመጨረሻ አንድ የቆዳ ሐኪም ክንዷ ላይ እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጎ እዚያው አስቀመጣት። ሲወጣባት ጊዜ ወንበሩን ስቦ ተጠጋ። «በመጽሐፍ ነበር የማውቀው፤ በዓይኔ ሳየው አንቺ የመጀመሪያዬ ነሽ» አላት።

ውሃው ቢሞቅም ቢቀዘቅዝም ለቆዳዋ ያው ነው። ብትጠጣው ምንም አትሆንም፤ ከነካት ግን አለቀላት። ሐኪሙ የሰጣት ክኒን ያቀልላታል እንጂ አያድናትም። ስለዚህ ገላዋን ጥድፍ ጥድፍ ብላ ትታጠብና ክፍሏን ዘግታ እስኪያልፍላት ትጠብቃለች። «ሆድ ይፍጀው፣ የኔ ልጅ» አለቻት እናቷ። «ሰው ይጋባል ብሎ ይሸሽሻል።» ልብስ ሰፊ ስለሆነች እጅጌያቸው ጣት ድረስ የሚወርድ ሸሚዞች ሰፋችላት። በረኝነቱም የተመቻት ለዚህ ነው፤ ሜዳ ላይ ጓንትና ረጅም እጅጌ ለብሶ ለምን የማይባል ሰው በረኛ ብቻ ነው። እንደ ሯጮቹም በላብ አይጠመቅም።

ጣጣው የመጣው በክፍል ጽዳት ነው። ወለሉ በባልዲ ውሃ ሲታጠብ የክፍሉ አለቃ «አንቺስ ምን ቆርጦሽ ነው ቆመሽ የምታይው?» ብሎ አፈጠጠባት። ድመት መልስ ስትፈልግ ጠበቃ ዘላ ገባችና «እሷ ልቧን ያማታል!» አለች። ከዚያ ወዲህ ድመትን እንኳን ባልዲ መጥረጊያም ያስያዛት የለም። እውነቱን ለመናገር እሷም ደስ ብሏት ዝም አለች።

አሁን ግን ጠበቃን እጇን ይዛ ከሜዳው ዳር ወሰደቻት።

«ለቲቸርም ነገርሽ?»

«እኔ? ኧረ በፍጹም! አለቃው ነው የነገራቸው። እኔ ለክፍሉ የተናገርኩት ወሬ እግር አውጥቶ ሜዳ ድረስ እንደሚሄድ በምን ልወቅ?»

«ከበሽታ ሁሉ ልብ ብቻ ታየሽ?»

«ታዲያ ምን ልበል? ውሃ ሲነካት ያሳክካታል ልበል? እንኳን እነሱ፣ እኔም ስትነግሪኝ በሳቅ ነው የሞትኩት። ረሳሽው?»

ድመት አልረሳችውም።

«በይ ስሚኝ» አለች ጠበቃ፣ ክርክሩ እየሞቃት። «ተሽሎኛል በያቸው። ልብ እኮ ይሻላል። የአክስቴም ተሽሏታል።»

«የአክስትሽ ልብ ደግሞ መቼ ታመመ?»

«አልታመመም። ቢታመም ግን ይሻላት ነበር።»

በአጠገባቸው ያለፈች አንዲት አጥቂ ሰምታ «የእሷ ልብ አብጦ እንጂ መች ታመመ!» ብላ ሄደች። ድመት ሳቋም እንባዋም እኩል መጡባት። እንባውን ዋጠችው።

ቅዳሜ የሚገጥሙት አምና አራት ለባዶ የቀጣቸውን ትምህርት ቤት ነው። ያን ቀን ዳምኖ ስለነበር ድመት ሽፍታውን ፈርታ ከዳር ሆና ስታይ ዋለች፤ አራቱንም ጎሎች «ይቺን እኔ እይዛት ነበር» እያለች። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ድመት ግን ለማደር የሚሆን ጊዜ የላትም። ልቤ ተሻለኝ ብትል ደግሞ የልብ ሐኪም ወረቀት አምጪ መባሏ አይቀርም። ጠበቃን እዚያው ጥላት ወደ ስፖርት ዕቃ ቤቱ ሄደች።

መምህሩ የተነፈሰ ኳስ በፓምፕ ይነፋሉ።

«ቲቸር፣ ልቤ ደህና ነው። ታምሞም አያውቅም።»

ፓምፑ ቆመ። «ታዲያ ጽዳት ለምንድነው የማትሠሪው?»

«ውሃ።» ጓንቷን አወለቀች። «ውሃ ሲነካኝ ቆዳዬ ላይ ሽፍታ ይወጣብኛል። ያቃጥለኛል።»

«ከውሃ?»

«ከውሃ።»

መምህሩ ከት ብለው ሳቁ። «ልጄ፣ እኔ ስንት ምክንያት ሰምቻለሁ። አያቱን ሦስት ጊዜ የቀበረ ተማሪ አለኝ። ይሄ ያንቺው ግን ውሃ የማያነሳ ምክንያት ነው።» ከአፋቸው ያመለጠው ነገር ለራሳቸውም ተሰማቸውና ሳቁን ቆረጡት።

«እንግዲያው ውሃ ይስጡኝ» አለች ድመት።

ምን ልታደርግ እንደሆነ ለማየት ጓጉተው ይመስላል፣ ሳያቅማሙ የውሃ ኮዳቸውን አቀበሏት። እጅጌዋን ሰበሰበች። ንጹሕ ፎጣ አርሳ ክንዷ ላይ ጣል አደረገችና አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። «ትንሽ ያቆያል» አለች።

መምህሩ ወደ ፓምፑ ተመለሱ፤ ዓይናቸው ግን ክንዷ ላይ ነው። ዝምታውን ብዙም አልቻሉትም።

«ስትጠጪውስ?»

«ምንም።»

«ዝናብስ?»

«እሮጣለሁ።»

«ስታለቅሺስ?»

«ጉንጬን ይለበልበኛል። ስለዚህ ብዙ አላለቅስም፣ አያዋጣኝም።»

መምህሩ ፓምፑን ጭራሹኑ ትተው አገጫቸውን ያዙ። «በረዶስ? ሳይቀልጥ ውሃ ነው ወይስ አይደለም?»

ድመት አታውቅም። እንፋሎትስ? ጨው ያለበት ውሃስ? ይህን ቆዳ ለብሳ ስትኖር መደበቅ እንጂ መጠየቅ አንድም ቀን ትዝ ብሏት አያውቅም። የእሷ ቆዳ የሚያደርገውን የሚያደርግ ሌላ ቆዳ በትምህርት ቤቱ ውስጥ የለም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ነገሩ ከማሳፈሩ ይልቅ ገረማት።

ፎጣውን አነሳችው። ክንዷ ልስልስ ብሎ ተኝቷል። ጠበቁ። ምንም። አሁንም ጠበቁ። ምንም! መምህሩ ወደ በሩ አየት አደረጉ፤ ውጭ ልጆቹ ማሟሟቅ ጀምረዋል። ድመት ሽፍታውን «ውጣ እንጂ!» አለችው በሆዷ። «ዓመት ሙሉ አትውጣብኝ ስልህ አልሰማህም፤ ዛሬ ሲለምኑህ ትኮራለህ?»

«በይ ልጄ፣» አሉ መምህሩ በሐዘኔታ፣ «ሰው መቼም መጫወት ሲፈልግ...»

መጀመሪያ ማሳከኩ መጣ። ከእሷ በቀር ማንም አላወቀውም፤ ደስታዋን ግን መደበቅ አቃታት። ቀጥሎ አንድ ቀይ ነጥብ፣ ከጎኑ ሌላ፣ ከዚያ ፎጣው ያረፈበት ቦታ ሁሉ ነጠብጣብ በነጠብጣብ ሆነ። መምህሩ የጀመሩትን ሳይጨርሱ መነጽራቸውን ከኪሳቸው አወጡ።

«ይጋባል?»

«አይጋባም።»

አሁን ወንበራቸውን ያሸሻሉ ብላ ጠበቀች። ወንበሩ ተንቀሳቀሰ፤ ግን ወደ እሷ ነው። ጎንበስ ብለው ረጅም ጊዜ አዩት።

«ያማል?»

«ይለበልባል። ያልፋል ግን።»

«በሳቄ ይቅር በይኝ» አሉ። ደረቅ ፎጣ ፈልገው ሰጧት። «ትገቢያለሽ። ቅዳሜ ካፊያ ቢመጣስ?»

«የመጀመሪያዋ ጠብታ ስታርፍ እወጣለሁ። ረጅሟ ትተካኛለች።»

«መልካም። እንግዲህ ልጆቹም በረኛቸው ደመና ባየች ቁጥር ለምን እንደምትሸሽ ማወቅ አለባቸው። እኔ ልንገራቸው ወይስ አንቺ?» ከዚያ ፊታቸውን ኮስተር አደረጉ። «ከጠበቃሽ ጋር ግን ጉዳይ አለኝ። የሰው ልብ ታሟል ብሎ መዋሸት ጨዋታ አይደለም።»

«ለእኔ ብላ ነው፣ ቲቸር። እኔም ሰምቼ ዝም ብያለሁ። ከቀጡ ሁለታችንንም ይቅጡን።»

«እሱን ከልምምድ በኋላ እናየዋለን» አሉና ኳሶቹን ይዘው ወጡ።

ድመት ብቻዋን ቀረች። ፈራች፣ በደንብ አድርጋ ፈራች። ይሸሽሻል ያለችው እናቷ ናት፣ እናት ደግሞ ዝም ብላ አትናገርም። ነገ እነግራቸዋለሁ አለች ለራሷ፤ ከእናቴ ጋር ተማክሬ። ክንዷን አየችው። ጫፍ ላይ ያሉት ነጥቦች ከወዲሁ መደብዘዝ ጀምረዋል። እጅጌዋን እንደሰበሰበች ወደ ሜዳው ወጣች።

ጠበቃ በሩ ላይ ጥፍሯን እየበላች ቆማለች። «ምን አልሻቸው?»

«እውነቱን።»

«አመኑሽ?» አለችና ዓይኗ የድመት ክንድ ላይ ሲያርፍ ደነገጠች። «ወይ ጉድ፣ ሰው ያይሻል!» ሁልጊዜ እንደምታደርገው እጅጌዋን ይዛ ልታወርድላት ሞከረች።

ድመት እጇን ያዘቻት። «ተይው።»

«ቆይ እሺ፣ እኔ ላስረዳቸው...»

«ዛሬስ እኔ ነኝ የምናገረው።»

ልጆቹ ጎሉ አጠገብ ተሰብስበዋል፤ ረጅሟ መሐላቸው ቆማ ኳሷን በፍርሃት ታያታለች። ድመት ክንዷን ወደ ላይ ከፍ አደረገች።

«ኑ እዩ!» ብላ ተጣራች። «ቶሎ በሉ፣ ሊጠፋ ነው።»