«ይህን ሰው ያየ አለ?»

«ቁም! እንደገና!» ሲል የፊልሙ ዳይሬክተር በድምፅ ማጉያው ጮኸ። አሮጌው ባቡር እያቃሰተ ወደ ኋላ ተመለሰ።

ዊብከ አያቷን በዓይኗ ፈለገች። እማማ ኤልስቤት ከሌሎቹ ሴቶች ጋር መሳፈሪያው ላይ ካርቶን ደረታቸው ላይ ይዘው ቆመዋል። የሌሎቹ ካርቶን ለፊልሙ ተብሎ ትናንት የተሠራ ነው። የእማማ ግን ከቁም ሳጥን ጀርባ የወጣ እውነተኛው ነው። የባላቸው የኤኖ ፎቶ ተለጥፎበት፣ ከሥሩ «ይህን ሰው ያየ አለ?» ይላል። ከጦርነቱ በኋላ ከምርኮ የተፈቱ ወታደሮችን የጫነ ባቡር በመጣ ቁጥር ሴቶቹ እንዲህ ይዘው ይወጡ ነበር። ኤኖ አልመጣም። ሞቷል ያለም የለም።

ፊልሙ ባሏን ስለምትጠብቅ ሴት ነው። አጃቢ ተዋንያን ከከተማው ሰው ሲመረጡ ለእማማ የነገረቻቸው ራሷ ዊብከ ናት፤ «ትዝናኛለሽ» ብላ። አሁን «ምነው ምላሴን በቆረጠው ኖሮ» አለች።

እማማ ትወና መች ያውቃሉ! ከባቡሩ የወረደውን ሁሉ እጅጌውን ይዘው ከልባቸው ይጠይቃሉ። ወንዶቹ ደግሞ እንደታዘዙት ራሳቸውን ግራና ቀኝ እየወዘወዙ ያልፋሉ። ባቡሩ በገባ ቁጥር እንደዚያው። ዊብከም አጃቢ ናት፤ ሻንጣ ይዛ ከቦታዋ ንቅንቅ እንዳትል ተነግሯታል፤ ከንፈሯን ከመንከስ በቀር ምን ታድርግ?

ባቡሩ ደግሞ ገባ። አሁን እማማ ፊት የደረሰው የዊብከ ክፍል ልጅ ሆልገር ነው፤ የወታደር ካፖርቱ ውጦታል።

«ልጄ፣ አይተኸዋል?»

ሆልገር ራሱን መወዝወዝ አቃተው። «አዎ እማማ፣ አይቼዋለሁ። በሚቀጥለው ባቡር ይመጣል።»

ካርቶኑ ከእማማ እጅ ወደቀ።

«ቁም! አንተ ልጅ፣ ማን ተናገር አለህ?» አለ ዳይሬክተሩ። «ደግመህ ብታበላሸው ትባረራለህ።»

ሆልገር ፊቱ ቀልቶ ወደ ዊብከ መጣ። «አቦ፣ ምን ላድርግ? አንጀቴን በሉት። እንደዋሸሁ አንቺ ንገሪያቸው በቃ።»

«አንተ ቀባጥረህ እኔ ልንገር?» አለችው። ግን ሄደች።

እማማ ካርቶኑን በመሀረብ እየጠረጉ ነበር። «ዊብከ፣ ያ ልጅ ዋሸኝ አይደል?»

«አዎ እማማ። ዋሽቶሻል።»

«አውቃለሁ እኮ። ያኔ እሱ መች ተወለደና!» ፎቶውን በጣታቸው ዳሰሱ። «ግን እስከ ዛሬ አየሁት ያለኝ ሰው የለም፤ በውሸት እንኳ።»

«እማማ፣ ወደ ቤት እንሂድ፣ እባክሽ።»

«ባቡሩ እየመጣ?»

የእማማ ክንዶች ዝለዋል፤ ካርቶኑን ግን ከፍ አደረጉት። ከሩቅ ጡሩምባው ተሰማ።

ዊብከ ሻንጣዋን መሬት አስቀመጠችና የካርቶኑን አንድ ጫፍ ያዘች።

«አንቺ ልጅ፣ ወደ ቦታሽ!» አላት ዳይሬክተሩ። አልሄደችም።

ባቡሩ ገባ። ሆልገር ወረደ። ሁለቱንም ሳያይ ራሱን ወዝውዞ አለፈ። እማማ አፋቸውን ቢከፍቱም ድምፅ አልወጣቸውም።

ቀጥሎ የመጣውን ሰው እጅጌ የያዘችው ዊብከ ነበረች።

«ይቅርታ፣ ጋሼ» አለችው፣ «ይህን ሰው አይተውታል?»