አይበላም

ፀጉር ሠሪዋ የምትኖርበት ሕንፃ ሊፍት ሰው ይዞ ማስቀረት ልማዱ ነበር። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የያዘው ጓደኛዋን መጋረጃ ሰፊዋን ነው። እሷን ብቻ አይደለም፤ በሁለት እጇ የተሸከመችውን ትሪ ሙሉ አይጥ ጭምር እንጂ።

አይጦቹ የተቀቀለ እንቁላል ናቸው። ጆሯቸው ስስ ሆኖ የተቆረጠ ካሮት፣ ዓይናቸው ቁንዶ በርበሬ፣ ጭራቸው የሽንኩርት ቅጠል። የጓደኛሞቹ ደንብ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከአንዳቸው ቤት ይሰበሰባሉ፤ ሁሉም በገዛ እጁ የሠራውን ጨው ያለው መክሰስ ይዞ ይመጣል። የተገዛ አይገባም። የማያስቅም አይገባም።

«ማነው ውስጥ ያለው?» የሚል የወንድ ድምፅ ከበሩ ወዲያ መጣ።

«እኔ ነኝ። ከአይጦች ጋር።»

«ይነክሳሉ?» ሲል ጠየቀ።

«እስካሁን አልሞከሩም።»

በሩ ተፈልቅቆ ሲከፈት፣ ሰማያዊ የሥራ ልብስ የለበሰ፣ እጁ ላይ መፍቻ የያዘ ወጣት ቆሟል። ትሪውን አየ። እሷን አየ። የቱን አብልጦ እንዳየ ያን ጊዜም አላወቀችም፣ በኋላም ስታስበው አልተገለጠላትም። ላዳናት ወሮታ አንዱን አይጥ አቀረበችለት። በጭራው ብድግ አደረገና በአንድ ጉርሻ ዋጠው።

«ጨው አንሶታል» አለ።

የሚያመሰግናት መስሏት ነበር። ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ሳቅ ነው። ፀጉር ሠሪዋም ጓደኛዋ ቀረች ብላ በደረጃው ስትወርድ ሁለቱን በዚያ ሁኔታ አገኘቻቸውና፣ «በል አንተም ና፤ ጨው አንሶታል ያለ ሰው የራሱን ሠርቶ ማሳየት አለበት» ብላ ወደ ቤቷ ይዛው ወጣች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እውነትም ሠርቶ መጣ። ካሮት ሞርዶ ብሎን አድርጎታል፤ ድንች ቆርጦ፣ መሐሉን ቦርቡሮ ዳዶ አድርጎታል። የሚመስሉ ብቻ አይደሉም፤ ብሎኑ ዳዶው ውስጥ በትክክል ይጠብቃል። ፀጉር ሠሪዋ አንዱን ካሮት ድንቹ ላይ እያዞረች አጥብቃ፣ መፍታት አቅቷት፣ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ ብሎን ሆነ። መጋረጃ ሰፊዋን ድሮውንም መርፌ ነው የሚሏት፤ ስለ ቅጥነቷም፣ ስለ ምላሷም።

ነገር የጀመረው እንዲህ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን መርፌ ራሷም አስተካክላ አትተርከውም።

ብሎን ቅዳሜ አይቀርም። ከመርፌ ሳህን የመጨረሻዋን ቁራጭ የሚያነሣው ሁልጊዜ እሱ ነው። ግን ርቦት ነው? ወይስ የሷ ስለሆነች? ስለ ሊፍት ገመድ ሲነሣ አፉ ይፈታል፤ ብቻቸውን ደረጃ ሲወርዱ ደግሞ ይተሳሰራል። ዓይኑ ሲያርፍባት ታያለች፣ ቀና ስትል ግድግዳ ያያል። አንድ ጊዜ የተረፈ የዱባ ጥብስ ጠቅልላ ብትሰጠው፣ «አመሰግናለሁ እህቴ» ብሏት ሄደ። ሳምንቱን ሙሉ ያቺ ቃል ከጆሮዋ አልጠፋችም።

የምትኖረው ከአክስቷ ጋር ነው። እትዬ ትላታለች። ያሳደገቻትም፣ መቀስና ክር ያስያዘቻትም እሷ ናት፤ መጋረጃ ቤቱንም አብረው ነው የሚሠሩት።

«እህቴ አለኝ እኮ፣ እትዬ።»

«ታዲያ ምን ይበልሽ? እናቴ?»

«እህት ማለት እኮ እህት ነው።»

«አጎትሽም እህቴ ብሎ ነው የጀመረኝ» አለች እትዬ፣ ጨርቁን እየቀደደች። «ዝምድናው ብዙም አልቆየ።»

ይሄም አላረጋጋትም። ዝም አይነቅዝም ብላ ለብሎን ሳትነግረው ብዙ ቅዳሜ አሳለፈች።

ታዲያ አንድ ቅዳሜ ብሎን አፉ ውስጥ የነበረውን የቺዝ ኳስ እያላመጠ፣ መሥሪያ ቤቱ ወደ ሌላ ከተማ እንደመደበው ተናገረ። ረጃጅም ሕንፃ የሚሠራበት ሩቅ ከተማ ነው። የሚሄደው ከሚቀጥለው ቅዳሜ በማግሥቱ ነው። ሁሉም ጮኸ፣ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። መርፌም፣ «እንኳን ደስ ያለህ» አለችው። ከልቧ የተነሣው ሌላ ነበር፤ ከአፏ የወጣው ይሄ ሆነ። ትወደው ነበር። ሳትነግረው ከሄደ እድሜዋን ሙሉ የቅዳሜን ቀን እንደምትጠላ ታውቃለች።

በቃል አልሆን ሲላት በሊጥ ሞከረችው።

ሊጡን በስሱ ዳምጣ፣ ቆራርጣ፣ ጋግራ ሊፍት ሠራች። ቁመቱ ክንድ አይሞላም። ሁለቱን በሮች በሽንኩርት ቅጠል ሰፍታ አያያዘቻቸው፤ ሲገፏቸው ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። ውስጡ ከቺዝ የተቀረጹ ሁለት ሰዎች ቆመዋል። አንዱ ትከሻው ሰፋ ያለ ነው፣ አንዷ ቀጭን ናት። ትከሻና ትከሻቸው ተነካክቷል። ይህን አይቶ የማይገባው ሰው የለም አለች ለራሷ። ራሷ ወስዳ እንዳትሰጠው አፈረችና ለፀጉር ሠሪዋ፣ «ሊፍታችሁን ሊፈትሽ ሲመጣ ስጪልኝ» ብላ ላከችው።

በማግሥቱ ፀጉር ሠሪዋ የደንበኛዋን ፀጉር በቢጉዲን ጠቅልላ ትታ፣ ስልኳን አንጠልጥላ መጋረጃ ቤቱ ድረስ እየሮጠች መጣች።

«መለሰ!»

«ምን አለ?»

«እንዴት ነበር ብዬ ጠይቄው… እንቺ፣ ራስሽ አንብቢው።»

ብሎን ስልክ ላይ ሲጽፍ ቃል ያልቅብኛል ብሎ የሚሠስት ሰው ነው። ከፀጉር ሠሪዋ ረጅም ጥያቄ ሥር አንዲት ቃል ብቻ ተቀምጣለች፦ «አይበላም»።

መርፌ ቃሉን አጥብቃ አነበበችው። ፊቷ ጨው መሰለ። «አይበላም? እንዲህ አስቀያሚ ነው?»

«ጨው ጨምረሽ ነበር?» አለች እትዬ።

«ጨምሬያለሁ። ሁለት ጊዜ ጨምሬ ይሆን እንዴ?»

ከዚያው ሊጥ የተረፈ ቁራጭ ነበር። ሦስቱም ቀመሱ። ጨዉ ልክ ነው፣ እንዲያውም ይጣፍጣል። ግራ መጋባቱ ይሄኔ ባሰ።

እትዬ መነጽሯን አድርጋ ስልኩን ወደ ብርሃን አዞረችው። «ምን አጥብቃችሁ ታነቡታላችሁ? ላልቶ ነው እንጂ! ልጁ አይበላም ነው የሚለው። ምግብ እምቢ ብሎታል። ታሟል!»

«ስለ ራሱ ቢሆን አልበላም ይል ነበር፣ እትዬ» አለች ፀጉር ሠሪዋ። «ማን ነው ስለ ራሱ አይበላም የሚል?»

«የታመመ ሰው ሰዋስው ያስታውሳል?»

«የለም የለም። ጠብቆ ነው፤ ግን መጥፎ ነው ማለቱ አይደለም። ለመብላት ያሳሳል ማለቱ ነው» አለች ፀጉር ሠሪዋ።

«ያሳሳል ለማለት ያሳሳል አይልም?» አለች መርፌ። «ፊደል ጠፍቶበት ነው?»

ፀጉር ሠሪዋ ልትደውልለት ስልኳን አነሣች። መርፌ እጇን ያዘቻት። «ብትጠይቂው ሁለተኛ አላናግርሽም። ሠርታ ልካ ደግሞ ጣፈጠህ ወይ እያለች ታስጠይቃለች ይበለኝ? ይቅር።»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» አለች እትዬ።

የሰማት የለም።

ያን ሳምንት መርፌ የሰፋችው ሁሉ ተበላሸ። ለእንግዳ ማረፊያ የታዘዘ ባለ አበባ መጋረጃ ነበር፤ አበቦቹን ዘቅዝቃ ሰፍታቸው እትዬ ናት ያየችላት። ስትተኛ ጠብቆ፣ ስትነቃ ላልቶ ይመጣባታል። አንዳንዴ ታሟል ብላ ታዝንለታለች፣ ወዲያው ደግሞ ንቆኛል ብላ ትቆጣዋለች፤ ከዚያም ምናልባት ሳስቶለት ይሆናል ትልና በዚያው በራሷ ተስፋ ታፍራለች።

ቅዳሜ ደረሰ። የመሸኛው ቀን ነው። አልሄደችም።

ከሰዓቱ አጋማሽ ሲሆን የሱቁ በር ተከፈተ። ብሎን ነው። ካርቶን ታቅፏል። ለእሱ ስንብት የተሰበሰቡት ጓደኞቹ ያለ እሱ እየበሉ ነው ማለት ነው። እትዬ አየችውና፣ በሚገርም ፍጥነት፣ ከተሰቀለው መጋረጃ ጀርባ ገባች።

«ጠብቄሽ ቀረሽ» አለ።

«ሥራ በዝቶብኝ ነው።» ሥራ የምትለው ተዘቅዝቆ የተሰፋውን አበባ መተርተር ነበር።

ካርቶኑን መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ አኖረና ከፈተው። ሊፍቱ እንዳለ ነው። አንድም ጥግ አልጎደለም። በሮቹ ተዘግተዋል። ሊጡ ደርቋል፤ ገፋ አድርጎ ሲከፍተው የቺዝ ሰዎቹ ጠውልገው አንዱ በአንዱ ላይ ተደግፈዋል።

«አልበላኸውም» አለች።

«አልበላሁትም።»

«አይበላም ብለሃል አሉ።»

«ብያለሁ።»

«እስቲ በአፍህ በለው።»

«ምኑን?»

«የጻፍከውን። እንዳለ በለው።»

ይቺ ልጅ ምን ነካት እንደማለት አያትና፣ «አይበላም» አለ። ጠበቀ። ከመጋረጃው ጀርባ፣ ክርክሩ የተረታባት የእትዬ ትንፋሽ ተሰማ። የመርፌ ዓይን እንባ አቀረረ።

«ምን ሆኖ ነው የማይበላው? ጨው በዝቶበት ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፤ አልቀመስኩትም።»

«ሳትቀምሰው ነው አይበላም ያልከው?»

«እንዴት ልቅመሰው?» አለ ብሎን፣ ጣቱን ወደ ቀጭኗ የቺዝ ሰው እየቀሰረ። «አንቺ ውስጡ ቆመሻል። ሰው ይበላል እንዴ?»

ብሎን የሊጡን ሊፍት በር ዘጋው፣ መልሶ ከፈተው።

«እኔም የምጠይቅሽ አለኝ» አለ። «እንድበላው ነው የላክሽልኝ ወይስ እንዲገባኝ?»

«ምን ገባህ?»

«እሱ ነው ያቃተኝ። ሊፍት ሲበላሽ የቱ ጋ እንደሆነ ድምፁን ሰምቼ አውቃለሁ። ይሄን ግን ሳምንቱን ሙሉ ስከፍት ስዘጋ ነው የከረምኩት። እሷ ናት እላለሁ፤ ደግሞ ቀልዷን ነው እላለሁ። አይጥ የሠራች ልጅ፣ ሰው ብትሠራ ምን ይገርማል? ዛሬ እጠይቃታለሁ ብዬ ብጠብቅሽ ቀረሽ። ስትቀሪ፣ አዎ ቀልዷን ነበር አልኩ። መንገድ ከጀመርኩ በኋላ ደግሞ፣ ቀልድ ቢሆን ለምን ትቀራለች አልኩ። በቃ፣ መጣሁ።»

በሕይወቷ ከሱ አፍ ይህን ያህል ቃል ሰምታ አታውቅም። እሱም እንደኔ ሲብሰለሰል ነው የከረመው ስትል አሰበች፤ ያኔ ፍርሃቷ ለቀቃት።

«ቀልድ አይደለም» አለች። «እወድሃለሁ።»

ይህቺ ቃል ሌላ አነባበብ የላትም። ብሎን አንድ የክር ካርቶን ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ።

«እኔም» አለ።

«እኔም ምን? ዛሬ እንኳ ጨርሰው!»

«እኔም እወድሻለሁ።»

ከመጋረጃው ጀርባ፣ «ጎሽ!» የሚል ድምፅ ወጣ። ብሎን ደንግጦ ብድግ አለ። «ደህና ዋሉ፣ እትዬ» አለ ወደ ጨርቁ እያየ። እትዬ ግን እዚያ እንደሌለች ሆነች።

ነገ መሄዱ ግን ከሁለቱም አልጠፋም። እሱ ጥሪ ደርሶት ቃሉን ሰጥቷል፤ እሷ ያሳደገቻት አክስት አለቻት፣ ሱቅ አላት። ደስታዋ ገና አፏ ውስጥ ሳይሟሟ ሌላ ጭንቅ ተከተለው። አትሂድ ልበለው? ወይስ ትጠብቀኛለህ?

«የሚሰጡኝ ቤት መስኮት በመስኮት ነው አሉ» አለ ብሎን። «መጋረጃ ግን የለውም።»

መርፌ ግራ ገባት። ሥራ ሊያዛት ነው? በዚህ ሰዓት? ፊቱን አየችው፤ ጆሮው ድረስ ቀልቷል። ለመጋረጃ እንዲህ የሚቀላ ደንበኛ አይታ አታውቅም። የሚለው ቀስ ብሎ ሲገባት ልቧ ወደ ተሰቀለው መጋረጃ ሄደ፤ እዚያ ጀርባ የቆመችውን ሴት ትታ የምትሄድበት እግር አልነበራትም።

መጋረጃው ተንቀሳቀሰ። በመሐሉ ከነቀለበቱ አንድ አሮጌ እጅ ብቻ ወጣ። የእትዬ ሜትር ተጠቅልሎ መዳፉ ላይ ተቀምጧል። እጁ እዚያው ተዘርግቶ ቆየ።

መርፌ ሄዳ እጁን ሳመችው፣ ሜትሩንም ተቀበለች። እንባዋን በክንዷ ጠርጋ ወደ ብሎን ዞረች።

«በወሬ ልክ አልሰፋም» አለችው። «ራሴ መጥቼ እለካዋለሁ።»