የጉልበቱ ማሰሪያ

ሬሳው ከጠርዙ በታች፣ ገደሉ ትንሽ ሰፋ በሚልበት እርከን ላይ በጎኑ ተኝቶ ነበር። ኢንስፔክተር ጽናት ገመድ ይዛ ወርዳ አጠገቡ ተንበረከከች። ከመሐል ሜዳ ከተማ ስትጠራ የተነገራት «አንድ ተጓዥ በጭጋግ መንገድ ስቶ ገደል ገባ» የሚል ነበር። ጓሳ ላይ በጥቅምት ይህ ይደርሳል፤ ጥርት ብሎ የነጋ ሰማይ ከቆላው በሚወጣ ጭጋግ ድንገት ይዋጣል።

ሟቹ ስንታየሁ ይባላል። የተወለደው ከጓሳ ግርጌ ካለ መንደር ነው፤ ኑሮው አዲስ አበባ። ቀኝ ጉልበቱ በራሱ የአንገት ሻርፕ ጠበቅ ተደርጎ ታስሯል። ጽናት ቋጠሮውን ፈለገችው። ከፊት የለም፤ ከጎንም የለም። ያገኘችው ከጉልበቱ በስተኋላ ነው። ሻርፑ ሁለት ጊዜ ዞሮ ጫፉ ወደ ውስጥ ታጥፎ ገብቷል፤ ሳብ ቢያደርጉት ባንዴ የሚፈታ ዓይነት። በስልኳ ፎቶ አነሳችውና ወጣች።

ላይ ሦስት ሰዎች ይጠብቋታል፤ የሟቹ ሚስት ጌታነሽ፣ ታናሽ ወንድሙ ትዕዛዙ፣ የልጅነት ጓደኛው ጣሂር። ጠዋት አብረው ጠርዙን ይዘው ወደ ተራራው ጫፍ ሲጓዙ የነበሩ ሰዎች አሁን ተራርቀው ተቀምጠዋል፤ መተያየት አቅቷቸዋል። ጽናት ይህን አቀማመጥ ታውቀዋለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ በቤቷ ያሉት ወንበሮች ሁሉ እንዲህ የተራራቁ ይመስሏታል።

መጀመሪያ ወደ ጌታነሽ ሄደች።

«የት ተለያችሁ?»

«እዚያ ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ። ጉልበቱን አመመው። 'እናንተ ጫፉ ደርሳችሁ ተመለሱ፣ እኔ እዚሁ እጠብቃችኋለሁ' አለን።»

«ያኔ ጉልበቱ ታስሮ ነበር?»

«ኧረ አልታሰረም። ልሰርልህ ስለው 'ተይው፣ ይሻለኛል' አለኝ።»

«ከዚያ በኋላ ሦስታችሁም አብራችሁ ነበራችሁ?»

«የለም። እኔ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹን ሳይ ወደ ኋላ ቀረሁ። ጣሂር ሊሰግድ ወደ ምንጩ ወረደ። ትዕዛዙ ወንድሙን ሊያይ ተመለሰ።» እንባዋን በእጇ ጠረገች። «ነገ እናቱን ይዘን አዲስ አበባ ልንገባ ነበር። ከወንድሙ ጋር የሚሰናበትበት ጉዞ ነው ብሎ ነው ያመጣን።»

ጣሂር በቆላው በኩል ባለች ከተማ ጨርቅ የሚነግድ ቀጭን ሰው ነው።

«ጠዋት ከስንታየሁ ጋር ተጯጩኸው ነበር አሉ» አለችው ጽናት።

«ተጯጩኸናል። በዚህ ጉልበትህ አትውጣ አልኩት። ሰምቶኝ አያውቅም።» ፊቱን ወደ ገደሉ አዞረ። «ዛሬን እንኳ ቢሰማኝ ምን ነበር!»

«ሲለያዩ ጉልበቱ ታስሮ ነበር?»

«አልታሰረም።»

ትዕዛዙ የሱፍ ባናውን እስከ ጆሮው ተከናንቦ ነበር። አላገባም፤ አባታቸው በተወው እርሻ ላይ ከእናቱ ጋር የሚኖር ገበሬ ነው።

«ሲመለሱ ወንድምዎ ጋ ደረሱ?»

«አልደረስኩም። ጭጋጉ መሀል መንገድ ላይ ያዘኝ። ከሩቅ 'ጋሼ!' ብዬ ተጣራሁ። 'አለሁ፣ ሂድ' አለኝ። ትቼው ሄድኩ።»

«ከዚያ በኋላስ?»

«ከዚያ በኋላ ሬሳውን ነው ያየሁት።»

ጽናት ብቻዋን ወደ ጠፍጣፋው ድንጋይ ሄደች። የሟቹ ምርኩዝ ድንጋዩን ተደግፎ እንደ ቆመ ነው። ከድንጋዩ እስከ ጠርዙ ጥቂት እርምጃ ቢሆን ነው፤ በመሀሉ የጓሳው ሣር ተረጋግጦ ተኝቷል። ነፋሱ ሣሩን ሲያስተኛና ሲያነሳ፣ የተረጋገጠው ብቻ አልነሳ አለ።

አብረዋት የመጡት ፖሊሶች ሬሳውን አውጥተው ቃሬዛ ላይ ሲያጋድሙት ጣሂር በራስጌው፣ ትዕዛዙ በግርጌው ሆነው ገመዱን አሰሩ። ጽናት የሁለቱን እጅ አየች። ጎንበስ ብላ ሁለቱንም ቋጠሮ ተመለከተች፤ ከዚያ ስልኳን አውጥታ አየችና መልሳ ከተተች።

«ከመነሳታችን በፊት ሁላችሁም ወደዚህ ኑ» አለች። ሦስቱም መጥተው ቃሬዛውን ከበቡ።

«ስንታየሁ በጭጋግ መንገድ ስቶ አልሞተም። ጉልበቱ የታመመ ሰው ተነስቶ ቢሄድ ምርኩዙን ይዞ ይሄዳል። ምርኩዙ ግን ድንጋዩ ጋ ቆሟል። ስለዚህ የወደቀው ከዚያው ከተቀመጠበት ነው።»

«ድንገት አዳልጦት ቢሆንስ?» አለ ጣሂር።

«ብቻውን ቢሆን እኔም እንደዚያ እል ነበር። ብቻውን ግን አልነበረም። ስትለያዩ ጉልበቱ አልታሰረም፤ ሁለታችሁም ነግራችሁኛል። ስናገኘው ታስሯል። የገዛ ጉልበቱን የሚያስር ሰው ቋጠሮውን እጁ በሚደርስበት፣ ከፊት ወይም ከጎን ያደርገዋል። የእሱ ግን ከኋላ ነው። ፊት ለፊቱ የተንበረከከ ሰው ነው እጁን አዙሮ ያሰረለት።»

ጌታነሽ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ቋጠሮው ገበሬ አህያ ሲጭን የሚያስረው የጭነት ቋጠሮ ነው። አቶ ጣሂር ራስጌውን አስረዋል፤ የእሳቸው ሌላ ዓይነት ነው። ግርጌውን ተመልከቱ። ሁለት ጊዜ ዞሯል፤ ጫፉ ወደ ውስጥ ታጥፎ ገብቷል። የጉልበቱም ልክ እንደዚህ ነው።» ወደ ትዕዛዙ ዞረች። «ወንድምዎ ጋ አልደረስኩም ብለውኛል፣ አቶ ትዕዛዙ። ደርሰዋል። ተንበርክከው ጉልበቱን አስረውለታል። የደበቁኝ ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው።»

ትዕዛዙ ገመዱን ለረጅም ጊዜ አየው።

«አሰርኩለት» አለ። «ትከሻዬን ይዞ ቆመ፤ ትንሽ ተራመደበትና 'ተሻለኝ' አለ። ከዚያ 'ስለ እማዬ የምነግርህ ነገር አለ' አለኝ። የሚለውን አውቀዋለሁ። ሊወስዳት ነው። እሱ ሚስት አለው፣ ጎረቤት አለው፣ ከተማ ሙሉ ሰው አለው። እኔን ማታ ስገባ 'መጣህ?' የሚለኝ ከእሷ ሌላ ማን አለ? አላስጨረስኩትም። እጁን ከትከሻዬ ጣልኩና ገፋሁት። ገደሉን ረስቼው ነበር።» ወደ ጠርዙ ዞረ። «እኔ እንጃ። ረስቼው ላይሆንም ይችላል።»

«አንድ ቀን እንኳ ብትነግረን» አለች ጌታነሽ።

ፖሊሶቹ ትዕዛዙን ይዘው ወረዱ። ቃሬዛው በሌላ መንገድ ሄደ። ለእናትየው መርዶውን ማን ይንገር ሲባል ሁሉም አቀረቀሩ፤ ጽናት «እኔ እሄዳለሁ» አለች።

እማማ አስካለ ማርያም ደጃፋቸው ላይ ካለው መደብ ተቀምጠው መንገዱን ያዩ ነበር። ፀሐይ ዘቅዝቃለች።

«ማነሽ ልጄ?»

«ጽናት እባላለሁ፣ እማማ። ከላይ ነው የመጣሁት።»

«እንግዲያው ልጆቼን አይተሻቸዋል። ቆዩብኝ።» ቦታ ለቀቁላት። «ትልቁ ከተማ ልውሰድሽ ብሎኝ ነበር። ዛሬ ጠዋት ሲሰናበተኝ አልሄድም አልኩት። ትዕዛዙን ብቻውን ጥዬ የት እሄዳለሁ? ልጄ ደግ ነው፣ እሺ አለኝ። ወንድምህ ሲጨነቅ ከርሟልና መንገድ ላይ ከሁሉም በፊት አንተው ንገረው፣ ደስ ይበለው አልኩት።» ወደ ጽናት ቀና አሉ። «ነገረው ይሆን?»

ጽናት አጠገባቸው ተቀመጠችና እጃቸውን ያዘች።

«ሊነግረው ጀምሮ ነበር፣ እማማ» አለች።